የሆኪ ዱላ ምርኩዝ

በሰኔ ነግራው ነበር፣ ፍሬው ገና አተር ሲያክል፣
«ከአምስቱ ሁለቱን ተው፣ ሦስቱን ቀንጥስና ጣል፤
ዛፍ ሸክም ሲቀበል ጀርባውን አይለካም፣
የተሰበረ ክንድ በሌላ አይተካም።»
ኦሪሲያ ናት ይህን ያለች፣ መቀሷን ይዛ ቆማ፣
ሳስካችዋን ውስጥ ባለች፣ ባቡር በማይቆምባት ከተማ።

ሜትሮ፣ ባሏ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣
ዛፉን አየ፣ እሷን አየ፣ መለሰ ቆይቶ፤
«አረንጓዴ ፍሬ መሬት ላይ አልጥልም» አለ፣
«እናቴ ብታይ ኖሮ...» ቀሪው ጉሮሮው ላይ ዋለ።

እናቱ የዩክሬንን ረሃብ በአጥንቷ ይዛ መጥታ፣
ፍርፋሪ ከገበታው በጣቷ እርጥብ ጫፍ አንስታ፣
የልጆቿን ትራፊ፣ የፖሙን እምብርት ሳይቀር በልታ
አሳድጋዋለች።
ኦሪሲያ ይህን ታውቃለች።
መቀሷን አጥፋ ገባች። የሰኔ ነገር በዚሁ አለቀ።
ፍሬው ግን አልሰማም፤ ወፈረ፣ ቀላ፣ ደመቀ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቅርንጫፉ ሣር ሳመ፤
ዛፉ የሰው ዕዳ እንደ ወደቀበት ዋስ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤
ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲጥ ይላል፣ ሲጥ፤
ሜትሮ ከአልጋው ይነሣል፣ መስኮት ላይ ሊያዳምጥ።
በሦስተኛው ሌሊት ደረቅ ድምፅ፣ እንደ ጥይት፤
የምሥራቁን ክንድ በባትሪ አየው፣ ነጭ አጥንቱን በዚያች ሌሊት።
ፍሬው ግን ሞቱን አልሰማም፣ ቀልቶ ያበራል ያው፤
«ብዬህ ነበር» አላለችም፤ ካፖርት አለበሰችው።

በነጋታው የጎረቤት ልጅ፣ ቴገን፣ አጥሩን ዘሎ መጣ፣
በበረዶው ወራት የሰበረውን የሆኪ ዱላ ከጋራዥ አወጣ፤
ጠማማው ጫፍ ለካ ለቅርንጫፍ ብብት የተሠራ ነው!
በአሮጌ ካልሲ ጠቀለሉት፣ ቅርፊቱን እንዳይልጠው።
ስድስት ምርኩዝ ቆመ። «ሙሉ ቡድን ነው» አለ ልጁ፤
«በረኛው የትኛው ነው?» አለ ሜትሮ፣ መዶሻ በእጁ።

ከዚያ ለቀማ ሆነ፣ በመሰላል፣ በባልዲ፣ በአሮጌ አንሶላ፤
ቴገን አንዷን ነክሶ አንድ ዓይኑ ጠፋ፣ ፊቱ ቀላ።
«ይህ ምኑ ይበላል?»
«ብቻውን አይበላም» አለች፣
«እንደ አማቴ ነው፤ ስኳር ይፈልጋል» ብላ ሳቀች።

ከነልጣጩ ከትፋ፣ ውሃ ሸፍኖት ቀቀለች፤
በስስ ጨርቅ ቋጥራ ከተገለበጠ ወንበር እግር ሰቀለች።
ጠብ...
ጠብ... ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሳህኑ።
«እንዳትጨምቀው! የተጨመቀ ይደፈርሳል ብርሃኑ።»
ሜትሮ እጁን ሰበሰበ። አንዲት ጠብታ ሳያስቀር
ጨምቆ የኖረ እጅ ነው፤ እንግዲህ በጭኖቹ መካከል ይደር።
ቋጠሮው ሥር ቁጭ ብሎ፣ መብራት ሳያበራ፣
ሲቆጥር አመሸ፤ መቶ ሲሞላ ተሳስቶ ከአንድ ጀመረ ቆጠራ።

ሠላሳ አራት ብርጭቆ ማርማላታ። መስኮቱ ላይ ስትደረድር
ፀሐይ ገባችባቸው፤ ወጥ ቤቱ ቀላ ከወለል እስከ ማገር።
ሁለት ለቴገን እናት፣ አንድ ለፖስተኛዋ፣ ስምንት ለቤተ ክርስቲያን ባዛር፤
የላይኛውን ፍሬ ተዉት፤ መሰላሉም አልደረሰ፣ ጉልበትም አልነበር።

ጥር ላይ፣ በበርሜሉ ውሃው ድንጋይ በሆነ ጊዜ፣
ሜትሮ መስኮቱ ጋ ነበር፣ ሻይ ይዞ፣ በትካዜ፤
ጉትያ ያላቸው ወፎች መቶ ሆነው ወረዱ፣
ውርጭ ያስቦካውን ፍሬ ዋጡ፣ ሰከሩ፣ እየተንገዳገዱ፤
አንዱ ከሆኪ ዱላው ጫፍ ሊያርፍ ፈልጎ ሳተ፤
ሜትሮ ሳቀ፣ ሻዩን ደፋ፣ የመስኮቱን ጉም ጠርጎ ደግሞ ተመለከተ።

«ዘንድሮ ያርፋል» አለች፣ «ምናልባት አሥር ፍሬ፤
ከርሞ ግን ይደግማል። መቀሱን የት አስቀመጥኩት በሰኔ?»
«ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ነው» አላት፤ «ያኔ አንቺ ትቆርጫለሽ፣
እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ስትጨርሺ ትጠሪኛለሽ።»